ዛጎል፦ ገንዘብ የነበረው የባሕር ቀንድ አውጣ

ዛጎል በኢትዮጵያ በእናቶች አንቀልባ፣ በሙዳይ፣ በወተት ዕቃና በቆዳ ልብስ ላይ ተሰፍቶ የሚታይ ነጭና አንጸባራቂ ጌጥ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ ጌጥ በሞቃታማ ባሕሮች የሚኖር የአንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ ቅርፊት መሆኑ፣ ከዚያም አልፎ ከቻይና እስከ ምዕራብ አፍሪካ በተዘረጋ ሰፊ የዓለም ክፍል ለብዙ መቶ ዓመታት የመገበያያ ገንዘብ ሆኖ ማገልገሉ የዚያኑ ያህል የታወቀ አይደለም።

ማንም ሰው ሊያትመው የማይችለው፣ ንጉሥ ያላወጀው፣ ባንክ ያልጠበቀው ይህ ገንዘብ የሩዝ፣ የጨርቅና የወርቅ መለወጫ ሆኖ ኖሯል። በአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ዘመን ደግሞ የሰው ልጅ ዋጋ ተቆጥሮበታል። በመጨረሻም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በመርከብ እየተጫነ በገፍ በመግባቱ ዋጋው ወድቆ፣ በምዕራብ አፍሪካ ሀብታቸውን በዛጎል ያከማቹ ቤተሰቦችን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷቸዋል። የዛጎል ታሪክ የአንድ የባሕር እንስሳ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ዋጋ ከምን እንደሚመነጭና በምን ምክንያት እንደሚጠፋ የሚያሳይ ታሪክም ነው።

ወገኑና ዝርያዎቹ

የገንዘብ ዛጎል በሥነ ሕይወት ሳይንስ “ሞኔታሪያ” ተብሎ በሚጠራው የባሕር ቀንድ አውጣዎች ወገን ውስጥ ይመደባል። ይህ ወገን “ሲፕሬዴ” የሚባለው የዛጎሎች ቤተሰብ አካል ሲሆን፣ አምስት ዝርያዎች እንዳሉት ሊቃውንት ይገልጻሉ።

ከአምስቱ ዝርያዎች ዝነኛው “ሞኔታሪያ ሞኔታ” ነው። ይህን ስያሜ ያገኘው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ዝርያውን በመዘገበበት ወቅት ሲሆን፣ “ሞኔታ” በላቲን ቋንቋ ገንዘብ ማለት ነው። ቅርፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ቀለሙ ከነጭ እስከ ቢጫ ይደርሳል። ጎንና ጎኑ ወጣ ወጣ ያለ በመሆኑ ከላይ ሲታይ ማዕዘናት ያሉት ይመስላል።

ሁለተኛው “ሞኔታሪያ አኑሉስ” ሲሆን ትርጉሙ ቀለበት ማለት ነው። በጀርባው ላይ እንደ ቀለበት የተሠመረ ብርቱካናማ ክብ ስላለው ከመጀመሪያው በቀላሉ ይለያል። ዳሩ ግን ቅርፊቱ ፀሐይ ሲመታው ወይም በአጠቃቀም ሲፋቅ ቀለበቱ ይደበዝዛል። ይህ ዝርያ በዛንዚባርና በአካባቢው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ ለዛጎል ገንዘብ ውድቀት ምክንያት የሆነውም እርሱ ነው።

ሦስተኛው ዝርያ “የእባብ ራስ” የሚል ትርጉም ያለው “ካፑትሰርፔንቲስ” ነው። ጀርባው ቡናማ ሆኖ በነጫጭ ነጠብጣቦች የተዥጎረጎረ ሲሆን፣ ማዕበል በሚመታቸው ዓለታማ ጠረፎች ይኖራል። አራተኛው “የዘንዶ ራስ” የሚባለው “ካፑትድራኮኒስ” በደቡብ ምሥራቅ ፓሲፊክ በምትገኘው በኢስተር ደሴትና በአቅራቢያዋ ብቻ ይገኛል። አምስተኛው “ኦብቬላታ” ደግሞ መኖሪያው የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴቶች ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ በሰፊው ለገንዘብነት የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሁለቱም ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ጀምሮ በሕንድ ውቅያኖስ አልፈው እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ድረስ ተሰራጭተው ይኖራሉ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል በሚገኘው የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ግን አይገኙም። ይህ የተፈጥሮ ድንበር ለንግዱ ታሪክ ታላቅ ትርጉም ነበረው። ዛጎሉ ከፍተኛ ዋጋ ያገኘው ከሚገኝበት ሥፍራ እጅግ በራቀው አካባቢ ነውና።

አኗኗሩና እድገቱ

የገንዘብ ዛጎል የሚኖረው በኮራል ድንጋዮች ዙሪያ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ውሃ ነው። ቀን ቀን በድንጋይና በሞተ ኮራል ሥር ተሸሽጎ ይውላል። ሲመሽ ይወጣና በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየጋጠ ይመገባል።

የዛጎል ቅርፊት ከሌሎች የባሕር ቀንድ አውጣዎች ቅርፊት የሚለይበት ዋነኛ ነገር ልስላሴውና ብርሃኑ ነው። ይህም የሚሆንበት ምክንያት አለ። እንስሳው በሕይወት ሳለ ካባ የመሰለ ስስ የሥጋ ሽፋን ከግራና ከቀኝ እየዘረጋ ቅርፊቱን ከላይ ያለብሰዋል። በዚህ ሽፋን አማካይነት በቅርፊቱ ላይ በየጊዜው አዲስ ንጣፍ ያነጥፋል፤ ቅርፊቱንም ከመፋቅና ሌሎች ፍጥረታት እንዳይጣበቁበት ይጠብቀዋል። የሰው እጅ ሳይነካው የተወለወለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዛጎል እድገት ደግሞ ከብዙዎቹ ቀንድ አውጣዎች የተለየ ነው። በልጅነቱ ቅርፊቱ ስስ፣ አፉም ሰፊ ሆኖ የተለመደውን የቀንድ አውጣ ቅርጽ ይይዛል። ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን የአፉ ከንፈር ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። በሁለቱም ከንፈሮች ላይ ጥርስ የመሰሉ ሽንሽኖች ይወጣሉ። አፉም እየጠበበ ሄዶ ቀጭን ስንጥቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ እየወፈረ ይሄዳል እንጂ በርዝመት አያድግም። በዚህም ምክንያት የአንድ አካባቢ ያደጉ ዛጎሎች መጠናቸው በእጅጉ ይቀራረባል።

ወንድና ሴት የተለያዩ ሲሆኑ፣ ሴቷ እንቁላሎቿን በድንጋይ ሥር ከጣለች በኋላ በላያቸው ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። ከእንቁላል የሚወጡት እጮች በባሕር ሞገድ ተወስደው ለተወሰነ ጊዜ ሲንሳፈፉ ይቆያሉ። ዝርያዎቹ በሁለት ውቅያኖሶች ርቀው ሊሰራጩ የቻሉት በዚህ የእጮች ጉዞ ነው።

ለገንዘብነት ያበቃው ባሕርይ

በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ዓይነት የባሕር ቅርፊቶች እያሉ ይህ ትንሽ ዛጎል ለገንዘብነት የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ጠንካራ ነው። አይዝግም፣ አይበሰብስም፣ ምስጥና ነቀዝ አይበላውም። ለብዙ ዓመታት በሸክላ ማሰሮ ተቀብሮ ሲወጣም ያው ዛጎል ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ቁራጮቹ በመጠን ስለሚቀራረቡ መቁጠር፣ ብዛቱ ሲበረክትም በሚዛን መመዘን ወይም በመስፈሪያ መስፈር ይቻላል። የአንዱ ክብደት በአማካይ ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም። በመሆኑም ለትንሿ ግዢ፣ ለአንድ ጭብጥ ቅመም ወይም ለአንድ ጉርሻ ምግብ ሳይቀር ዝርዝር ሆኖ ያገለግላል። ወርቅና ብር ይህን ሊያደርጉ አይችሉም ነበር።

ሦስተኛውና ምናልባትም ትልቁ ምክንያት በተንኮል አስመስሎ መሥራት አለመቻሉ ነው። የብር ሳንቲም ከሌላ ብረት ጋር ሊደባለቅ ወይም ጠርዙ ሊፋቅ ይችላል። ዛጎልን ግን በርካሽ ሠርቶ እውነተኛ ነው ብሎ የሚያሳልፍ አንጥረኛ አልነበረም። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ገበያተኛ እንኳ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ያረጋግጠዋል።

ሆኖም እነዚህ መልካም ባሕርያት በአንድ ሁኔታ ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ዛጎል ዋጋ የሚኖረው ከባሕሩ የሚወጣውና ወደ ገበያው የሚደርሰው መጠን እስከተወሰነ ድረስ ብቻ ነው። ይህ ሁኔታ ሲፈርስ የሆነው ወደ ኋላ ይታያል።

የማልዲቭስ ደሴቶች ድርሻ

ለረጅም ዘመናት የዓለም ዋነኛ የዛጎል ምንጭ የነበሩት በሕንድ ውቅያኖስ የሚገኙት የማልዲቭስ ደሴቶች ናቸው። በአገሬው ቋንቋ ዛጎል “ቦሊ” ይባላል። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመታት የጻፉ ዓረብ ጸሐፍት፣ ከእነርሱም ውስጥ አል መስዑዲ፣ የደሴቶቹ ነዋሪዎች የኮኮናት ቅርንጫፍ በውሃው ላይ ጥለው ዛጎሎቹ ሲጣበቁበት ይሰበስቡ እንደነበር ገልጸዋል።

ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1343 እና በ1344 በማልዲቭስ ቆይቶ በዳኝነት አገልግሏል። እንደ እርሱ ዘገባ ዛጎሎቹ ከባሕር ከተለቀሙ በኋላ በጠረፉ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ይጨመራሉ። ሥጋቸው በስብሶ ሲያልቅ ነጩ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ነዋሪዎቹ ይህን ቅርፊት ለቤንጋል ነጋዴዎች ሰጥተው በምትኩ ሩዝ ይቀበላሉ። ቤንጋሎችም ዛጎሉን በአገራቸው ገንዘብ አድርገው ይጠቀሙበታል።

ኢብን ባቱታ የመዘገበው የምንዛሪ ልዩነት እስከ ዛሬ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎችን ትኩረት ይስባል። በማልዲቭስ አንድ የወርቅ ዲናር በ400,000 ዛጎል ይመነዘር ነበር። አንዳንድ ጊዜም የዛጎሉ ዋጋ ረክሶ ለአንድ ዲናር 1,200,000 ዛጎል ይሰጥ ነበር። ይኸው ተጓዥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1352 እና በ1353 በምዕራብ አፍሪካ የማሊን መንግሥት ሲጎበኝ ግን አንድ የወርቅ ዲናር በ1,150 ዛጎል ሲመነዘር አግኝቷል። በባሕሩ ዳርቻ እጅግ ርካሽ የነበረው ቅርፊት በሰሃራ ማዶ ከ300 ጊዜ በላይ ዋጋው ጨምሮ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የመንገዱ ርዝመት፣ የበረሃው አስቸጋሪነትና የነጋዴዎች ትርፍ ድምር ነው።

በቻይናና በሕንድ

ዛጎልን ለሀብት መግለጫነት በመጠቀም ረገድ ቻይና ቀደምት ከሆኑት አገሮች መካከል ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 በአንያንግ ከተማ አቅራቢያ የተገኘው የሻንግ ሥርወ መንግሥት ንግሥት የፉ ሃኦ መቃብር ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ በውስጡ ከ6,000 በላይ ዛጎሎች ተገኝተዋል። በዚያ ዘመንና በተከታዩ የዡ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ነገሥታት ለሹሞቻቸው የሰጧቸው የዛጎል ስጦታዎች በነሐስ ዕቃዎች ላይ በጽሑፍ ተቀርጸው ይገኛሉ። ከአጥንትና ከነሐስ በዛጎል ቅርጽ የተሠሩ ቁሶችም በየመቃብሩ ተገኝተዋል። በቻይና ጽሕፈት ውስጥ ግዢን፣ ሸቀጥንና ሀብትን የሚገልጹ ብዙ ምልክቶች የዛጎልን ምልክት በውስጣቸው መያዛቸው የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። በደቡብ ምዕራብ ቻይና በዩናን ግዛት ደግሞ ዛጎል እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ የገበያ ገንዘብ ሆኖ ዘልቋል።

በሕንድ፣ በተለይም በቤንጋል፣ ዛጎል የብር ሩፒ ዝርዝር ሆኖ ያገለግል ነበር። አራት ዛጎል አንድ “ጋንዳ”፣ ሃያ ጋንዳ ማለትም 80 ዛጎል አንድ “ፓን” ይባል ነበር። በዛሬዋ ባንግላዴሽ በምትገኘው በሲልሄት በ18ኛው መቶ ዓመት የመንግሥት ግብር ሳይቀር በዛጎል ይከፈል የነበረ ሲሆን፣ የተሰበሰበው ዛጎል በጀልባዎች ተጭኖ ወደ ዳካ ይላክ ነበር። በሂንዲ ቋንቋ እጅግ የረከሰ ነገር እስከ ዛሬ “በዛጎል ዋጋ” ይባላል። አባባሉ የዛጎልን የመጨረሻ ዕጣ ያመለክታል።

ወደ ምዕራብ አፍሪካ

ዛጎል ወደ ምዕራብ አፍሪካ የገባው አውሮፓውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ ነው። ለዚህ ማስረጃ ከሚሆኑት ግኝቶች አንዱ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1964 በሞሪታኒያ በረሃ የመረመረው የነጋዴዎች ቅፍለት ጭነት ነው። በአሸዋ ተቀብሮ በቀረው በዚህ ጭነት ውስጥ ከ2,000 በላይ የናስ ዘንጎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ዛጎሎች ተገኝተዋል። ጭነቱ በ11ኛው ወይም በ12ኛው መቶ ዓመት የተቀበረ መሆኑ ይገመታል። ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ዛጎል በግብፅና በሰሜን አፍሪካ አልፎ በግመል ጀርባ ሰሃራን ይሻገር እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፖርቹጋሎች ዛጎልን በመርከብ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ማምጣት ሲጀምሩ የንግዱ መጠን ተለወጠ። እነርሱን የተከተሉት የሆላንድና የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያዎች ዛጎሉን ከስሪላንካና ከቤንጋል ወደቦች ይጭኑ ነበር። ከእስያ የሚመለሱት መርከቦች ሚዛናቸውን የሚጠብቅ ከባድ ነገር ከሥር መጫን ስለነበረባቸው፣ በድንጋይ ፈንታ ዛጎል መጫኑ ትርፍ የሚያስገኝ ሆኖ ተገኘ። ጭነቱ በአምስተርዳምና በለንደን በጨረታ ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹም ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚጓዙ ነጋዴዎች፣ በተለይም የባሪያ ነጋዴዎች ነበሩ።

የታሪክ ተመራማሪዎቹ ያን ሆገንዶርንና ማሪዮን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ብቻ በእነዚህ ሁለት አገሮች ነጋዴዎች አማካይነት ወደ ምዕራብ አፍሪካ የገባው ዛጎል ከ10 ቢሊዮን በላይ እንደነበር አስልተዋል። በጊዜው ዛጎል ከጨርቅ፣ ከጠመንጃ፣ ከብረትና ከመጠጥ ጋር በባርነት የተያዙ ሰዎችን መግዣ ነበር። በዛሬዋ ቤኒን በምትገኘው የዊዳ ወደብ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ አንድ ሰው ከ100,000 በላይ በሆነ የዛጎል ዋጋ ይተመን ነበር። ይህ መጠን በሚዛን ቢቀመጥ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ለሰው ዋጋ የሚቆጠረው ዛጎል ከሰውየው ክብደት ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ንግድ ሌላው ገጽታ ዛጎሉ ወደ አፍሪካ የሚገባ እንጂ ከአፍሪካ የማይወጣ ገንዘብ መሆኑ ነው። አውሮፓዊው ነጋዴ ዛጎል ሰጥቶ ሰው፣ የዝሆን ጥርስ ወይም የዘንባባ ዘይት ይወስዳል። አፍሪካዊው ነጋዴ ግን በያዘው ዛጎል ከአውሮፓውያን ዕቃ ልግዛ ቢል የሚቀበለው አልነበረም። ስለዚህ በዛጎሉ ዋጋ ላይ የሚደርሰውን ማንኛውንም ጉዳት የሚሸከመው ዛጎሉን በእጁ ይዞ የሚቀረው ሕዝብ ነበር።

በምዕራብ አፍሪካ ገበያዎች ዛጎል የሚቆጠርበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። በብዙ ቦታዎች 40 ዛጎል በአንድ ክር ተሰክቶ እንደ አንድ ይቆጠራል። 50 ክር ማለትም 2,000 ዛጎል አንድ “ራስ” ሲባል፣ አሥር ራስ ማለትም 20,000 ዛጎል አንድ ከረጢት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1851 የዛሬዋን ሰሜን ናይጄሪያ ከተማ ካኖን የጎበኘው ጀርመናዊው ተጓዥ ሃይንሪኽ ባርት፣ በዚያ ገበያ አንድ የማርያ ቴሬዛ ብር በ2,500 ዛጎል ይመነዘር እንደነበር ጽፏል። በኢትዮጵያ ጠገራ ብር እየተባለ ይታወቅ የነበረው ያው ብር መሆኑ ነው።

የዋጋው ውድቀት

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1807 የባሪያ ንግድን በሕግ ከከለከለች በኋላ የምዕራብ አፍሪካ የውጭ ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ዘንባባ ዘይት ዞረ። ዘይቱን የሚያመርቱት በየመንደሩ የሚገኙ ብዙ ሺህ ገበሬዎች በመሆናቸው፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈላቸው ዝርዝር ገንዘብ አስፈለገ። የዛጎል ተፈላጊነትም እንደገና ጨመረ።

ይህን ያዩ የሃምቡርግ ነጋዴዎች ከ1845 ጀምሮ ፊታቸውን ከማልዲቭስ ወደ ዛንዚባር አዞሩ። በዛንዚባርና በአካባቢው ጠረፍ ባለቀለበቱ “ሞኔታሪያ አኑሉስ” በብዛት ይገኛል፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ለምዕራብ አፍሪካም መንገዱ ይቀርባል። ይህ ዛጎል ከማልዲቭሱ ተለቅና ከበድ ያለ ቢሆንም በጠረፍ ገበያዎች ተቀባይነት አገኘ። ሌሎች የጀርመንና የፈረንሳይ የንግድ ቤቶችም ተከተሉ። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ዛጎል በሌጎስ፣ በዊዳና በሌሎች ወደቦች ተራገፈ።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። በገበያው ያለው ሸቀጥ ሳይጨምር ዛጎሉ ብቻ በመብዛቱ የሁሉም ነገር ዋጋ በዛጎል ሲተመን ናረ። ቀድሞ በጥቂት ክር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከረጢት ሙሉ ዛጎል ጠየቀ። ዛጎሉ በረከሰ ቁጥር የማጓጓዙ ወጪ ከራሱ ዋጋ ጋር ይወዳደር ጀመር። አንድ ተሸካሚ ተሸክሞት የሚሄደው ዛጎል ለተሸካሚው ቀለብና ደመወዝ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ መጣ። መቁጠሩም ቢሆን ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

ከሁሉ የበለጠ የተጎዱት ዛጎልን በማሰሮ ሞልተው ለልጆቻቸው ጋብቻ፣ ለለቅሶና ለክፉ ቀን ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ያስቀመጡት ዛጎል አንድም አልጎደለም፣ አልተሰረቀም፣ አልተበላሸም። የመግዛት አቅሙ ግን በማሰሮው ውስጥ እንዳለ ተሟጠጠ። የባሕር ማዶ ነጋዴዎች በበኩላቸው ዛጎሉን በዘይት ለውጠው ትርፋቸውን ይዘው ስለሄዱ ከኪሳራው አመለጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቅኝ አገዛዝ ሂደቱን ከፍጻሜ አደረሰው። ገዢዎቹ ግብር በራሳቸው ሳንቲም እንዲከፈል አስገደዱ። ደቡብ ናይጄሪያን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 የዛጎልን ማስገባት ከለከሉ። በፈረንሳይ ግዛቶችም ግብርን በዛጎል መቀበል ቆመ። በአብዛኞቹ ቦታዎች የተከማቸውን ዛጎል በአዲሱ ሳንቲም ለውጦ የሚረከብ አካል አልነበረም። ሳንቲሙን ለማግኘት የነበረው መንገድ ለገበያ የሚሆን ሰብል ማምረት ወይም ተቀጥሮ መሥራት ነበር። በምሥራቅ አፍሪካም በኡጋንዳ ዛጎል በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ከግብር መክፈያነት ተወግዷል።

ተመሳሳይ ሁኔታ በ1930ዎቹ በኒው ጊኒ ደጋማ አካባቢዎችም ተከስቷል። ከባሕር የራቁት የዚያ አገር ሕዝቦች የባሕር ቅርፊትን እንደ ትልቅ ሀብት ይቆጥሩ ነበር። ወርቅ ፍለጋ የገቡ አውስትራሊያውያን ይህንን በመገንዘብ ዛጎልና ሌሎች ቅርፊቶችን በአውሮፕላን እያመጡ ለጉልበትና ለምግብ ከፈሉ። ቅርፊቱ ሲበዛ በዚያም ዋጋው ቀነሰ።

ዛጎል በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል የገንዘብን ሥራ ለረጅም ዘመን ሲያከናውን የቆየው ዛጎል ሳይሆን አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ የሚጓጓዘው አሞሌ እስከ ሩቅ ገበያዎች ድረስ ይዘልቅ ነበር። በ1520ዎቹ አገሪቱን የጎበኘው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በገንዘብነት ያገለግል እንደነበር መስክሯል። አሞሌም እንደ ዛጎል ሁሉ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው የሚጨምር ነበር። በአንጻሩ ዝናብ ሲነካው የሚሟሟ፣ ሲቸግርም የሚበላ በመሆኑ ከዛጎል ይለያል። እየተበላና እየሟሟ ስለሚያልቅም እንደ ዛጎል ለትውልድ የሚከማች አልነበረም።

ዛጎል በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በጌጥነቱ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን የሚያዝሉበት የቆዳ አንቀልባ በዛጎል ረድፎች ማስጌጥ በተለያዩ አካባቢዎች የቆየ ልማድ ነው። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ከፍየል ቆዳ በሚያዘጋጁት ልብሳቸው ላይ ዛጎል ይሰፋሉ። በአርብቶ አደር አካባቢዎች የወተት ዕቃዎች በዛጎል ያጌጣሉ። ቅርጹ ከማኅፀንና ከመውለድ ጋር እየተያያዘ በብዙ የአፍሪካና የእስያ ሕዝቦች ዘንድ የልጅ በረከት ምልክት ተደርጎ መወሰዱ በሕፃናትና በሴቶች ዕቃዎች ላይ ለመብዛቱ አንድ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው በሚገኙ መንደሮች ይህ ቅርፊት መገኘቱ በራሱ፣ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፎች ወደ መሃል አገር ይዘልቅ የነበረውን የሲራራ ንግድ የሚያስታውስ ነው።

ዛሬ

ዛጎል ዛሬ በየትኛውም አገር ሕጋዊ ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሙ ከገንዘብ ዓለም ፈጽሞ አልጠፋም። ጋና እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ ላይ ያዋለችው የራሷ ገንዘብ “ሴዲ” ስያሜውን ያገኘው በአካን ቋንቋ ዛጎልን ከሚያመለክተው ቃል ነው። በናይጄሪያ የዮሩባ ሕዝብ ዘንድ 16 ዛጎሎችን በመጣል የሚካሄደው የጥንቆላ ሥርዓት በባሪያ ንግድ ከተወሰዱት ሰዎች ጋር ውቅያኖስን ተሻግሮ በኩባና በብራዚል እስካሁን አለ። በሕንድ ጥንታዊ የገበጣ መሰል ጨዋታዎች ዛጎል በዳማ ጠጠር ዕጣ ፈንታ መወሰኛ ሆኖ ይጣላል። በምዕራብ አፍሪካ በጋብቻና በቀብር ሥርዓቶች ላይ ዛጎል የሚሰጥባቸው ማኅበረሰቦችም አሉ።

ቀንድ አውጣው በበኩሉ በሁለቱ ውቅያኖሶች ሞቃት ጠረፎች መኖሩን ቀጥሏል። ሁለቱም የገንዘብ ዛጎል ዝርያዎች ዛሬም በብዛት ይገኛሉ። የሚያሳስበው የመኖሪያቸው ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከልክ በላይ ሲጨምር በማልዲቭስ ጥልቀት በሌለው ውሃ የነበረው አብዛኛው ኮራል ሞቷል። በ2016ም ተመሳሳይ ጉዳት ደርሷል። ከዚህ በተጨማሪ ውቅያኖሶች ከአየር የሚቀበሉት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ማደጉ የውሃውን አሲዳማነት ይጨምራል። ይህም እንደ ዛጎል ቅርፊታቸውን ከኖራ ማዕድን ለሚሠሩ የባሕር እንስሳት ሁሉ ሥራውን እንደሚያከብደው የዘርፉ ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

ዛጎል በገንዘብነት የቆየው ጠንካራ፣ ውብና ለማስመሰል የማይመች በመሆኑ ነው። ከገንዘብነት የወጣው ግን ከእነዚህ ባሕርያት አንዱን እንኳ አጥቶ አይደለም። ዛሬ በአንቀልባ ላይ የሚታየው ዛጎል በማልዲቭስ ጠረፍ 400,000 ተቆጥሮ በአንድ ዲናር ከተመነዘረው፣ በማሊ ደግሞ 1,150 ብቻ ተቆጥሮ በዚያው ዲናር ከተለወጠው ዛጎል በጥንካሬም ሆነ በውበት አይለይም። የተለያየው የሚገኝበት መጠን፣ የተጓዘው ርቀትና ሰዎች በእርሱ ላይ የጣሉት እምነት ነው።